ሌቨንዎርዝ በበረዶ ወራት፦ ልጆችና እናት ይዞ ለሚሄድ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተደረገ የጥያቄና መልስ ክር ነው፤ የከፈተችውም በዋሽንግተን ግዛት ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን የምትኖር እናት ናት። ሰባት ሆነው ከሲያትል በስተ ምሥራቅ ወዳለችው የባቫሪያ (የደቡብ ጀርመን) መልክ ያላት ከተማ፣ ወደ ሌቨንዎርዝ ለመሄድ አስበዋል፤ እሷና ባለቤቷ፣ ከ3 እስከ 13 ዓመት የሆናቸው አራት ልጆችና በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡ የ71 ዓመት እናቷ። ዕቅዷ ከፈረንጆች ገና በኋላ ባለው ቅዳሜ ጠዋት ወጥተው፣ በሀይዌይ 2 ስቲቨንስ ፓስን (ፓስ የተራራ መሻገሪያ ነው) አቋርጠው፣ አንድ ሌሊት አድረው እሁድ ከሰዓት መመለስ ነበር። መኪናቸው አራቱም ጎማ የሚጎትት ስለሆነ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት የሚታሰር የጎማ ሰንሰለት እንደማያስፈልጋቸው፣ ከተማዋንም ጀርመን ስደተኞች ስለቆረቆሯት ልጆቹ ታሪክ እንደሚማሩባት እርግጠኛ ሆና ጻፈች። የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው፦ የት ይታደራል፣ በጾሙ ምን ይበላል፣ እናቷስ ብርዱን ይችሉታል ወይ።

ከሥር የመጡት 26 ምላሾች ናቸው። ለሚቀጥለው ተጓዥ እንዲጠቅሙ በየቁጥራቸው አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንዳንዱን በአጭሩ፣ መንገድንና ምግብን የሚመለከተውን ግን በዝርዝር።

1ኛ ምላሽ። በትሕትና የጀመረ ነው። ሀሳቧን አመሰገነና የከተማዋ የገና መብራት ከግማሽ ሚሊዮን አምፖል በላይ እንደሆነ፣ 4 ሰዓት አካባቢ ሲመሽ ደምቆ እንደሚታይ ነገራት። ከተማዋን በብርሃንም በጨለማም ለማየት ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መግባት እንደሚበጅ ጨመረ።

2ኛ ምላሽ። አንዲት አንባቢ ግራ ተጋባች። አንዱ ሰዓት በአሜሪካ፣ ሌላው በሀገር ቤት አቆጣጠር መጻፉን አሳይታ ሁሉም በአንዱ እንዲጽፍ ለመነች። መብራቱ የሚደምቀው በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትጠልቃለች፣ ተራራው ስለሚከልላት ጥላው ከዚያም ቀድሞ ይወድቃል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሀገር ቤት ሰዓት ነው።

3ኛ ምላሽ። የመጀመሪያው እርማት። የከባድ መኪና ሹፌር መሆኑን ገልጾ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ለመነሣትና ዳገት ለመውጣት እንጂ ለመቆም ምንም ብልጫ እንደሌለው አስረዳ። ፍሬን ሲያዝ መኪናን የሚያቆመው የጎማው ጥርስ ከመንገዱ ጋር ያለው ፍትጊያ ነው፤ ሞተሩ ኃይሉን ለስንት ጎማ እንደሚያካፍል እዚያ ላይ ቁጥር የለውም። እንዲያውም በቀላሉ ስለሚነሣ ሹፌሩ መንገዱ ደህና ይመስለውና ቁልቁለቱ ላይ ይፈጥናል። የሚንሸራተተውም በብዛት ያኔ ነው።

4ኛ ምላሽ። ሾርላይን ያለ አንባቢ ቆጣ ብሎ መለሰ። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ እንዲህ ያለውን መኪና ሰንሰለት ከማሰር ነፃ እንደሚያደርገው ገልጾ፣ ሰው በከንቱ እንዳይፈራ አሳሰበ።

5ኛ ምላሽ። 4ኛው ግማሹን ብቻ እንደተናገረ ያሳየው ይህ ነው። የመንገድ ሰሌዳው ደረጃ አለው። መጀመሪያ የሚይዝ ጎማ ይመከራል ይላል፤ ቀጥሎ የሚይዝ ጎማ ግዴታ ይሆናል፤ ከዚያ ሰንሰለት ግዴታ ይሆናል። በዚህኛው ደረጃ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ከማሰር ነፃ ነው፤ ሰንሰለቱን ግን ይዞ መገኘት አለበት። የመጨረሻው ደረጃ ሁሉም መኪና እንዲያስር ያዝዛል፤ ያኔ ማንም ነፃ አይደለም። ትእዛዙን የጣሰ እስከ 500 ዶላር ሊቀጣ ይችላል።

የሚይዝ የሚባለው ጎማ ጎኑ ላይ የኤም እና የኤስ ፊደላት ወይም የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለው፣ ጥርሱም ቢያንስ 1/8 ኢንች የሆነ ነው። ለመለካት 25 ሳንቲም በቂ ነው፦ የጆርጅ ዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርጎ ጥርሱ መሃል ማስገባት፤ የፀጉሩ ጫፍ ከታየ ጎማው አልቋል። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋረንሃይት በቀነሰ ቁጥር የጎማ ንፋስ 1 ፒ ኤስ አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ስለሚወርድ፣ ሲያትል ላይ ልክ የነበረ ጎማ ተራራው ላይ ሲደርስ ይጎድላል። የመስታወት ማጠቢያውም ለብርድ የተሠራ ፈሳሽ ይሁን፤ ተራ ውሃ ቧንቧው ውስጥ ይረጋና ከፊት ያለ ከባድ መኪና ጭቃ ሲረጭ መስታወት መጥረጊያ የለም ማለት ነው።

6ኛ ምላሽ። የክሩ ከባድ ሚዛን ይህ ይመስለኛል። ሰንሰለት ስለማሰር ብቻ ነው የጻፈው።

ሲገዛ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 215/60 አር 16 የሚለውን፣ ከሳጥኑ ጀርባ ካለው ሠንጠረዥ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በአንድ ቁጥር የሳተ ሰንሰለት ወይ አይገጥምም ወይ ላልቶ ይገረፋል። በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና የፊቶቹ ላይ ይታሰርለታል። አራቱም የሚጎትት ከሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይታይ፤ በአንዳንዱ መኪና በጎማውና በፍሬን ቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ በተሳሳተ ቦታ የታሰረ ሰንሰለት ቱቦውን ይቆርጣል።

ከጉዞው በፊት በደረቅ ቀን ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ መለማመድ ግድ ነው። መንገድ ላይ ሲደርስ ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ሜዳ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ የአደጋ መብራት አብርቶ ይሠራል። ሰንሰለቱ መሬት ላይ ተዘርግቶ ጠመዝማዛው ይፈታል፤ የመንጠቆዎቹ ሹል ጫፍ ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ውጭ ይዞራል። ጎማው ላይ ይጣልና መጀመሪያ የውስጥ በኩል መንጠቆ፣ ቀጥሎ የውጭው ይያያዛል፤ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ላስቲክ በመጨረሻ ይወጠራል። ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፦ መቶ ሜትር ያህል ነድቶ መቆምና እንደገና ማጥበቅ። ጎማው ሲዞር ሰንሰለቱ ቦታውን ይይዛል፣ ሲይዝም ይላላል። ፍጥነት ከ30 ማይል አይለፍ። አስፋልቱ ባዶ ሲሆን ወዲያው ይፈታ፤ ባዶ አስፋልት ላይ የሄደ ሰንሰለት ይበጠስና የመኪናውን ጎን ይመታል።

መያዝ ያለበትን እቃም ዘርዝሯል፦ ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ ለጉልበት የሚሆን ምንጣፍ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ አካፋ። መኪናው የኪራይ ከሆነ ውሉ ይነበብ፤ ብዙ አከራዮች ሰንሰለት ማሰርን ይከለክላሉ።

7ኛ ምላሽ። አንዲት ሴት ለ6ኛው ከልብ አመስግና በሰንሰለት ፈንታ ጎማ ላይ የሚጠለቅ የጨርቅ ካልሲ ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቀች። 6ኛው መላሽ እዚያው ሥር ሲመልስ ግዛቱ ያጸደቀው ዓይነት ካለ እንደሚፈቀድ፣ ለእጅም ቀላል እንደሆነ፣ ነገር ግን ባዶ አስፋልት ላይ ቶሎ እንደሚያልቅ ነገራት።

8ኛ ምላሽ። በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ናቸው፤ ጋሼ እያሉ ነው ሁሉም የሚጠሯቸው። አንድ ቀን ብቻ አስታወሱ፦ ጃንዋሪ 6 ቀን 2022። ያን ቀን ስኖኳልሚ፣ ስቲቨንስ፣ ብሉዊትና ኋይት ፓስ በአንድነት ተዘግተው የግዛቱ ምሥራቅና ምዕራብ ተቆራረጠ፤ ሌቨንዎርዝ በበረዶ ተቀብራ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀባት፣ በቀጣዮቹ ቀናት የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችም በረዶ ሊጠርጉ ገቡ። ቀኑ የእኛ ገና ዋዜማ ነበር። ስለዚህ ለሌሊቱ ቅዳሴ እደርሳለሁ ብሎ ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ተራራ ማቋረጥን የሚያስብ ሰው ካለ እንዲተወው አጥብቀው መከሩ። ከዚህ በኋላ የተጻፈው ብዙው ነገር ወደዚህ ቀን ይመለሳል።

9ኛ ምላሽ። የመንገዶቹ አማራጭ። የሀይዌይ 2ን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። ስቲቨንስ ፓስ ከፍታው 4,061 ጫማ ነው። ከእሱ ወርዶ ከተማዋ ከመድረሱ በፊት መንገዱ በተምዋተር ሸለቆ ውስጥ ከወንዙ ጎን ይጠማዘዛል፤ ከገደሉ በረዶና ድንጋይ ስለሚወርድ ፓሱ ክፍት ሆኖም ሸለቆው ብቻ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ያኔ ማዞሪያው በፕሌይን በኩል በቸምስቲክ መንገድ ነው፤ ስልክ ስለማይሠራ ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ ያሻል።

ሌላው መንገድ በአይ 90 ስኖኳልሚን፣ 3,022 ጫማ፣ ተሻግሮ በመውጫ 85 ክሌ ኤለም ላይ መታጠፍና በሀይዌይ 97 ብሉዊት ፓስን ማለፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዝቅተኛ መንገድ ያደርገዋል፤ ብሉዊት ግን 4,102 ጫማ ነው፣ ከስቲቨንስ ይበልጣል። ጥቅሙ አይ 90 ሰፊ መሆኑና ቶሎ መጠረጉ ነው፤ ጉዳቱ ሁለት ፓስ መቋረጡና ከ10 እስከ 20 ማይል መርዘሙ። የእሁድ ከሰዓት መመለስንም ተቃወመ፦ ሀይዌይ 2 አብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ መስመር ስለሆነ የበረዶ ሸርተቴ ሰዎችና የከተማዋ ጎብኚዎች አንድ ላይ ሲወርዱ ከሱልታን እስከ ሞንሮ በሰዓታት የሚቆጠር ሰልፍ ይሆናል። ነዳጅ ሞንሮ ላይ ይሞላ፤ መንገድ ላይ ቆሞ ማደር ቢመጣ ማሞቂያውን የሚያሠራው እሱ ነው።

10ኛ ምላሽ። ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን ብላ ባቡር ያቀረበች አለች። ከሲያትል ወደ ቺካጎ የሚሄደው ኤምፓየር ቢልደር ከ2009 ጀምሮ ሌቨንዎርዝ ይቆማል፤ ሰንሰለት የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ልጆቹም በመስኮት በረዶ ያያሉ።

11ኛ ምላሽ። ሀሳቡን ሳይንቅ ጉድለቱን አሳየ። ሲኬድ በቀኑ መጨረሻ ተነሥቶ ማታ ይገባል፤ ሲመጣ ግን ገና ሳይነጋ ነው የሚያልፈው፣ በዚያ ላይ ከቺካጎ ሁለት ቀን ተጉዞ ስለሚደርስ በሰዓታት ሊዘገይ ይችላል። አይሲክል የሚባለው ጣቢያ ከመሃል ከተማው ውጭ ነው፤ የሚሞቁበት አዳራሽ የለውም። ከ3 ዓመት ልጅና ከእናት ጋር ሌሊት ላይ ብርድ ውስጥ መጠበቅ ከሰንሰለቱ ይከብዳል። ሌላም አለ፦ በሲያትልና በኤቨረት መካከል የባሕር ዳር ገደል ከተናደ የመንገደኛ ባቡር ለ48 ሰዓት ይታገዳል። ባቡሩን የሚመርጥ ከሆቴሉ የሚቀበለው መኪና መኖሩን አረጋግጦና ሁለት ሌሊት ይዞ ይሂድ።

12ኛ ምላሽ። ከባቡሩ ተነሥቶ ወደ ታሪክ ገባ፤ ከርዕስ ቢወጣም የመክፈቻውን ትልቅ ስህተት ያረመው እሱ ነው። ሌቨንዎርዝን ጀርመኖች አልቆረቆሯትም። ቦታው፣ አይሲክል ጅረት ከዌናቺ ወንዝ የሚገናኝበት፣ ነባሩ የዌናቺ ሕዝብ ሳልመን ዓሣ የሚያጠምድበት ሀገሩ ነበር። ታላቁ ሰሜን የባቡር ድርጅት በ1890ዎቹ ሲደርስ ከተማዋ የባቡርና የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማ ሆነች፤ በ1906 ማዘጋጃ ቤት አገኘች። በ1920ዎቹ ባቡሩ ማዕከሉን ወደ ዌናቺ ከተማ አዛወረ፤ መሰንጠቂያውም ተዘጋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሱቆቹ ባዶ ሲሆኑ ነዋሪዎቹ ኮሚቴ አቋቁመው ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር መከሩ፤ የዴንማርክ መልክ ያላትን የካሊፎርኒያዋን ሶልቫንግን አይተው፣ ተራሮቻቸው አልፕስን ስለሚመስሉ የባቫሪያን መልክ መረጡ። የራሳቸውን ገንዘብ አውጥተው የሱቆቻቸውን ፊት እየቀየሩ አንድ በአንድ ሠሩት።

እዚያው ላይ የዌሊንግተንን አደጋ አነሣ፦ ማርች 1 ቀን 1910 ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ በበረዶ ታግደው የቆሙ ሁለት ባቡሮች ላይ ናዳ ወርዶ 96 ሰው ሞተ፤ በአሜሪካ ታሪክ ከደረሱት የበረዶ ናዳዎች ሁሉ የከፋው ነው። በ1929 የተከፈተው 12.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የካስኬድ ዋሻ ባቡሩን ከዚያ ገደል ሥር ያወጣው ነው። 10ኛዋ ያለችው ባቡር ዛሬም በዚያ ዋሻ ያልፋል። ለትልልቆቹ ልጆች እውነተኛው ታሪክ ይህ ነው፤ እኔም እስማማለሁ፣ ተረቱን ከመንገር ይሄን መንገር ይሻላል።

13ኛ ምላሽ። ከአትላንታ። እንደ ሌቨንዎርዝ የባቫሪያ መልክ ያላት የጆርጂያዋ ከተማ ሄለን ከዚህች እንደምትቀድም ጻፈ።

14ኛ ምላሽ። አይደለም፤ ሄለን ፊቷን የቀየረችው በ1969 ነው፣ ሌቨንዎርዝ ትቀድማለች። በእርግጥ ጀርመኖች የመሠረቷትን የሚፈልግ በ1845 ከጀርመን አውራጃ ከፍራንኮኒያ የመጡ ሉተራኖች ወደቆረቆሯት ወደ ሚሺጋኗ ፍራንከንሙት ይሂድ። የዳላስና የኦስቲን ሰዎች ደግሞ በ1846 የተቆረቆረችው የቴክሳሷ ፍሬድሪክስበርግ አለችላቸው። ይኸው መላሽ ከ1995 ጀምሮ ያለውን የሌቨንዎርዝ የለውዝ መስበሪያ ሙዚየም ለልጆች አጥብቆ መከረ፤ በሺህ የሚቆጠሩ የእንጨት ወታደሮችና ነገሥታት አሉበት፣ አገጫቸው ሲከፈት እጀታው ከኋላ እንደ ማንሻ ነው የሚሠራው። ግን እነዚህ አሻንጉሊቶች የባቫሪያ እንዳልሆኑ አስታወሰ፤ የሳክሶኒ ተራራ፣ የኤርትስገቢርገ ጠራቢዎች ሥራ ናቸው። የማዕድኑ ሥራ ሲመናመን ቆፋሪዎቹ ወደ እንጨት የዞሩበት አገር ነው፤ ከሌቨንዎርዝ ታሪክ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለው።

15ኛ ምላሽ። ትዕግሥቷ ያለቀ አንባቢ። ሴትየዋ ስለ እናቷ ጠይቃ ሰው ስለ ጆርጂያ እንደሚከራከር በቁጣ ጻፈች። ትክክል ነበረች፤ ከእሷ በኋላ ክሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

16ኛ ምላሽ። ነርስ ናት፤ ለእናትየዋ ከተጻፈው ሁሉ የተሻለው የእሷ ነው። ከፍታው አያስፈራቸውም፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ስቲቨንስ ፓስ 1,238 ሜትር ብቻ ነው። የሚያሰጋው መውደቅ ነው። በቀን የቀለጠው በረዶ ሲመሽ እንደ መስታወት ይረጋል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ከባድ ነው። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ላስቲክ ይገዛላቸው፤ ሱቅ ውስጥ ሲገቡ ይውለቅ፣ ንጣፍ ላይ ያንሸራትታል። አረማመዳቸው አጭር፣ ጉልበታቸው ትንሽ ታጥፎ፣ እጃቸው ከኪስ ውጭ ይሁን። ክንዳቸውን የሚይዝ ሰው ከጎናቸው እንጂ ከፊት አይሂድ።

ልብስን በተመለከተ፣ እናቶች በጋቢያቸው ይተማመናሉ። ጋቢ ጥጥ ነው፤ ሲደርቅ ያሞቃል፣ በረዶ ላዩ ላይ ሲቀልጥ ግን ውሃውን ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። መኪናና ክፍል ውስጥ ይልበሱት፤ ውጭ ግን ከሥር ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ይደረብ። ሁለት ወፍራም ካልሲ በጠባብ ጫማ ውስጥ ደም ያግዳል፤ እግር የሚቀዘቅዘው ከዚያ ነው። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይደር፤ አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። በረዶ የሚለው ቃል እሳቸው ዘንድ ከዝናብ ጋር የሚወርደው እንደሆነም አስታወሰች፤ ስኖው ድምፅ የለውም፣ መሬቱን ይሸፍነዋል፣ ከሥሩ ያለውን ደረጃና ጉድጓድ ይደብቃል። አስቀድሞ በሚገባ ይነገራቸው።

17ኛ ምላሽ። ለትንንሾቹ። የመኪና ወንበር ቀበቶ በወፍራም ጃኬት ላይ አይታሰር፤ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር በግጭት ጊዜ ይታመቅና ቀበቶው ይላላል። ልጁ በሹራብ ይታሰር፣ ጃኬቱ ከፊት ተገልብጦ ይልበስ። በግዛቱ ሕግ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ያልደረሰ ልጅ የልጅ ወንበር ወይም ከፍ ማድረጊያ ያስፈልገዋል።

18ኛ ምላሽ። መንሸራተቻ። ፍሮንት ስትሪት ፓርክ ያለው ትንሽ ተዳፋት ነፃ ነው፤ ላስቲክ ሸርተቴ ይዞ መሄድ ይበቃል፣ እግር ወደ ፊት ሆኖ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ስኪ ሂል የጎማ መንሸራተቻ አለው፤ ቲኬቱ አስቀድሞ ያልቃል። የአጋዘን እርሻውም እንዲሁ። ፓሱ ላይ መኪናን ጥግ አቁሞ ልጆችን ማንሸራተት ግን በፍጹም አይደረግ፤ በረዶ ጠራጊው መኪና ጥግ የቆመ ልጅ አያይም።

19ኛ ምላሽ። የጾሙ ነገር፤ በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ስለሆነ የመክፈቻዋ ጉዞ መሃሉ ላይ ይወድቃል። የከተማዋ ምግብ ቋሊማ፣ ሽኒትሰል (ስስ የተጠበሰ ሥጋ)፣ ፕሬትዝል (የተጠማዘዘ ዳቦ) እና የተብላላ ጥቅል ጎመን ነው። ጎመኑ በራሱ የጾም ነው፣ ለ1 ኪሎ ጎመን 20 ግራም ያህል ጨው ብቻ ነው የሚገባበት፤ ምግብ ቤት ግን ሲያሞቁት የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። የድንች ሰላጣውም በሥጋ መረቅና በአሳማ ሥጋ ሊሠራ ይችላል። ሽፔትስለ የሚባለው ፓስታ እንቁላል አለው። ፕሬትዝል ሊጥ ውስጥ ቅቤ ይኖራል፣ ከምድጃ ሲወጣም ቅቤ ይቀባል፤ ሁለቱንም ለይቶ መጠየቅ ያሻል፣ ሰው የኋለኛውን ብቻ እየጠየቀ ይሳሳታል። የአፕል ሽትሩደል (የፖም ጥቅል ኬክ) ሊጥ በዘይት ቢቦካም በቅቤ ይቀባል። በስኳር፣ በውሃና በቀረፋ የሚጠበሰው ለውዝ ይሆናል፣ ቅቤ ካልጨመሩበት።

ስለዚህ ስንቅ ይያዝ። ሽሮ በሰፊ አፍ ፔርሙዝ፤ ፔርሙዙ አስቀድሞ በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ ካልሞቀ ወጡ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይበርዳል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ለመንገድ። ጭኮ ቅቤ ስላለው ለገና ይቆይ።

20ኛ ምላሽ። ሙስሊም እህት ናት፤ 19ኛውን አመስግና የጎደለውን ሞላች። ብራትቩርስት የሚባለው የሚጠበስ ቋሊማ በአብዛኛው አሳማ ነው። ነጩ ቋሊማ የጥጃ ይባላል እንጂ የአሳማ ስብ አለበት። የዶሮ የሚባለውም ቋሊማ የተሞላበት አንጀት የአሳማ ሊሆን ይችላል፣ የሚጠበስበትም ብረት አንድ ነው። ልጆች የሚወዱት የሚለጠጥ ከረሜላና ትኩስ ቸኮሌት ላይ የሚንሳፈፈው ማርሽሜሎ ጄላቲን አለው፤ ለጿሚም ለእሷም አይሆንም። ግሉቫይን የሚባለው ትኩስ መጠጥ ቀይ ወይን ነው፤ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚያሞቁት አልኮሉ እንዳይተን ስለሆነ፣ ፈልቷልና አልኮል የለውም የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ለልጅ የሚታዘዘው ትኩስ የፖም ጭማቂ ነው። መግሪብ በታኅሣሥ ቀድሞ ስለሚገባ መስገጃውን ከመብራቱ በፊት ማሰብ እንደሚያስፈልግም ጨመረች።

21ኛ ምላሽ። እዚህ ጋ ክሩ ከረረ። መንገደኛ ከጾም ነፃ ነው፣ ልጆቹንም በቆሎ ማስጨነቅ ግፍ ነው ብሎ በኃይለ ቃል የጻፈ መጣ። ሌላው እዚያው ሥር መዝናናት መንገደኛነት እንዳልሆነ መለሰለት፤ ሦስተኛው ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን አምጥቶ ጨመረበት።

22ኛ ምላሽ። 8ኛውን የጻፉት አባት ናቸው። ጾም የንስሐ አባት ጉዳይ እንጂ የዚህ ክር እንዳልሆነ ተናግረው፣ ልጆቼ እያሉ ሁለቱንም አስታረቁ።

23ኛ ምላሽ። ስለ ማደሪያ። ሰባት ሰው ሁለት የሆቴል ክፍል ስለሚይዝ ወጥ ቤት ያለው ቤት በዋጋም በጾምም ይሻላል። በከተማው መሃል ካልተገኘ ዌናቺ ማደር ይቻላል፤ በ22 ቁጥር የሊንክ ትራንዚት አውቶቡስ፣ ያለ ክፍያ፣ ሌቨንዎርዝ ይገባል፣ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋውም ይቀራል። ግን የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት አይቶ ነው። ቡናን በተመለከተ ቤት ውስጥ መቁላትና ዕጣን ማጤስ የጭስ ደወሉን ያስጮኻል፣ ቅጣትም ያስከፍላል። ቡናው ቤት ተቆልቶና ተወቅጦ ይሂድ፤ ጀበናው ከሥሩ ጠፍጣፋ ካልሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አይቆምም፣ በማንቆርቆሪያ አፍልቶ ወደ ጀበናው መገልበጥ ይሻላል።

24ኛ ምላሽ። ይህ ሁሉን የቀየረ ነው። ለምን ከእኛ ገና በኋላ አትሄዱም ብሎ ጠየቀ። መብራቱ ፌብሩዋሪን ይዞ ይቆያል፤ ብዙ ሰው ከፈረንጆች ገና ጋር የሚጠፋ ይመስለዋል። ከጃንዋሪ 7 በኋላ ጾሙ ይፈታል፣ የማደሪያ ዋጋ ይወርዳል፣ 8ኛው የፈሩት የዋዜማ ነገር አይኖርም፣ በረዶውም ከታኅሣሥ ይልቅ ያን ጊዜ ነው የሚያስተማምነው። ማለፍ ያለበት የማርቲን ሉተር ኪንግ ሰኞን የያዘው ረጅም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ያኔ ሕዝቡ እንደ ገና ሰሞን ይበዛል። ጃንዋሪ 19፣ በአንዳንድ ዓመት 20፣ ደግሞ ጥምቀት ነው። የሚመረጡት ከጃንዋሪ 8 ጀምሮ ያሉት ቀናት ናቸው እንግዲህ።

25ኛ ምላሽ። ልጆችን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነውር እንደሆነ የተቃወመች አለች። መልሱ አጠገቧ ተሰጣት፦ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሲያትል ሳይጨልም ተነሥቶ በአይ 90 ክሌ ኤለም ማደር፣ ቅዳሜን ከተማዋ ውስጥ መዋልና ማደር፣ እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መነሣት። ብሉዊትን በቀን ብርሃን ያቋርጣሉ፣ የሀይዌይ 2ን የከሰዓት ሰልፍም አያዩትም። ከመነሣት በፊት የግዛቱን የመንገድ መተግበሪያ ማየት፤ ፓሱ ከተዘጋ ክፍሉን ያለ ቅጣት የሚሰርዝ ውል ከመጀመሪያው መያዝ።

26ኛ ምላሽ። ጠያቂዋ ተመልሳ መጣች። ዕቅዷን ወደ ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አዛውራለች፤ ሰንሰለት ገዝታለች፣ ባለቤቷም ግቢ ውስጥ ሁለት ጊዜ አስሮ ፈትቷል፣ ሁለተኛው 12 ደቂቃ ፈጀበት። ለእናቷ ጥርስ ያለው ላስቲክና በግማሽ ቁጥር የሚሰፋ ቦት ጫማ ተገዝቷል። የቀራት አንድ ጥያቄ ሰንሰለቱ ከጉዞው በኋላ ምን እንደሚደረግ ነበር። 6ኛው መላሽ ወዲያው ጻፈላት፦ መንገድ ላይ የሚረጨው የበረዶ ማቅለጫ ብረት ስለሚበላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፣ ተሰቅሎ ይድረቅ፣ ከዚያ መንጠቆዎቹ ዘይት ተነክተው ወደ ሳጥኑ ይመለሱ፤ የታጠፈ ወይም የሳሳ ቀለበት ካለው ያኔውኑ ይለወጥ።